የፍላጻውን ጫፍ የሚይዝ ማነው?



ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነው የአንድ ሕፃን ጥያቄ ነው። ከዓመታት በፊት ከጎንደር ከተማ ተነስተን ወደ ሰሜኑ ደጋ ስንጓዝ የመኪናችን ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ጎማውን እስኪቀይር ድረስ ወርደን ቆምን። ከመንገዱ ዳር፣ የገብስ ማሳ ጫፍ ላይ፣ በ1983 ዓ.ል. ከተካሄደው ጦርነት የቀረ የዛገ ታንክ ነበር። አብሮን የነበረው የዘጠኝ ዓመት የእህቴ ልጅ ለአፍታ እንኳ አላመነታም። ዘሎ ወጣበት፤ አፈሙዙ ላይ ተፈናጥጦ በአፉ ተኩሱን ያንጣጣው ጀመር። እኛም ሳቅን። አንዱ ተሳፋሪ እንዲያውም «ጀግና!» ብሎ አጨበጨበለት።

እንዝርታቸውን እያሾሩ በግ የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት ከማሳው ወዲያ ቀና ብለው አዩት። «ውረድ ልጄ!» አሉት። «የሰው መቃብር ላይ አይወጣም።» ልጁ ደንግጦ ወረደ። እኛም ሳቃችንን ዋጥን። ወደ እናቲቱ ጠጋ ብለን ሰላምታ ካቀረብን በኋላ ነገሩን ብንጠይቃቸው ብዙ አልተናገሩም። «ከዚህ ውስጥ ያወጣናቸው ልጆች የማን እንደሆኑ እንኳ አላወቅንም። ብቻ እናት የወለደቻቸው ናቸው» አሉንና ወደ በጎቻቸው ተመለሱ።

መኪናው ከተነሳ በኋላ ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ «አጎቴ፣ መቃብር ከሆነ ታዲያ ለምን እንዲህ ሜዳ ላይ ተዉት? ሰው እንዲያየው ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በዚያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ከእናንተ ጋር ላስብበት የፈለግሁት ይህንኑ ጥያቄ ነው። የጦር መሣሪያ በአደባባይ ቆሞ ስናየው ምን ልናይ ይገባናል? ለልጆቻችንስ ምን ብለን እናሳያቸው?

ሁለት የተለመዱ መልሶች

ብዙዎቻችን በእንዲህ ያለ ነገር ፊት ስንቆም ከሁለት መልሶች አንዱ ይቀናናል። አንዱ አድናቆት ነው። ክብደቱን፣ ርዝመቱን፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚወረውር እንጠይቃለን፤ ፎቶግራፍ እንነሳለን፤ ልጁን አንስተን እላዩ ላይ እናስቀምጣለን። ሁለተኛው ጥላቻ ነው። «ብረት የሸይጧን ሥራ ነው፤ አትየው፣ ና እንሂድ» ብለን የልጁን እጅ ጎትተን እንሄዳለን።

ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው የተሻለ መንፈሳዊነት ያለው ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እውነት አይደለም። በ1888 ዓ.ል. በዓድዋ የተሰለፉት አባቶቻችን ጠብመንጃ ባይኖራቸው ኖሮ ታሪካችን ሌላ በሆነ ነበር። በ1928 ዓ.ል. ደግሞ የጣሊያን አውሮፕላኖች የመርዝ ጭስ ሲያወርዱ ሠራዊታችን የሚመክትበት በቂ መሣሪያ ስላልነበረው ምን እንደደረሰበት እናውቃለን። ስለዚህ «ብረት ባይኖር» ብሎ መመኘት ለተበዳዩ መፍትሔ አይሆንም። የመጀመሪያውም መልስ ቢሆን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ በራሳችን አገር ታሪክ እንመልከተው።

ጋፋትና ሴባስቶፖል

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለፈ ሁሉ የሴባስቶፖልን ምስል አይቷል። እውነተኛው መድፍ ግን እስካሁን ያለው መቅደላ ላይ ነው። የተሠራው በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሲሆን ሠሪዎቹም በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና ተቋም ሃይማኖታቸውን ሊያስተምሩ የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። አፄ ቴዎድሮስ ከነርሱ የፈለጉት ስብከት ሳይሆን መድፍ ነበር። እነርሱም ከብዙ ሙከራና ውድቀት በኋላ ሠሩላቸው።

ንጉሡ ይህን የፈለጉት ለጌጥ አልነበረም። አገራቸው በኃያላን መካከል በእጅ ሥራ ወደኋላ መቅረቷ ያንገበግባቸው ነበር። ይህ የሚያስመሰግን ቁጭት ነው። ነገር ግን የታሪኩን ሌላ ገጽ እናንብብ። መድፉ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ል. ድረስ ሠራዊቱ ገደል እየናደ፣ መንገድ እየጠረገ፣ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች አቋርጦ እየጎተተ መቅደላ አደረሰው። በሚያዝያ 3 ቀን 1860 በአሮጌ ሜዳ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ውጊያ ሆነ። እንግሊዞች ፈጣን ጠብመንጃና ሮኬት ይዘው ነበር። በአንድ ከሰዓት በኋላ ከኢትዮጵያውያን በኩል ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ ራሳቸውን ሠው። ያ ሁሉ የተጎተተ ብረት መቅደላን አላዳናትም።

የጎንደር ልጅ ደግሞ ሊረሳው የማይገባ ሌላም ነገር አለ። መሐል ፒያሳ ላይ ሐውልታቸው የቆመላቸው እኒሁ ንጉሥ በ1856 ዓ.ል. የጎንደር ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ አዘዋል። በ1859 ዓ.ል. ደግሞ ያችኑ ጎንደርን ዘርፈው፣ አብያተ ክርስቲያናቷን ሳይቀር አቃጥለዋል። ይህን የማነሳው ቂም ለመቆስቆስ አይደለም። አንድ ሰው ለአገሩ ባለው ፍቅር ትልቅ ሊሆን፣ በያዘው ኃይል ደግሞ በገዛ ወገኑ ላይ ሊበድል እንደሚችል ለማሳየት ነው። የመድፉን ክብደት ስናውቅ የጎተቱትን ሰዎች ስም አናውቅም። በአሮጌ የወደቁትንም አናውቅም። አድናቆታችን ግማሽ እውነት ነው ያልሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሰማይ የመጣው ወዳጅ

በ1934 ዓ.ል. ጎንደር በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦር የመጨረሻው ምሽግ ነበረች። የጣሊያን ጦር አዛዦች የፋሲል ግቢን ዋና መምሪያቸው አድርገውት ነበር። የእንግሊዝ ወገን አውሮፕላኖች ከሰማይ፣ አርበኞቻችንና እግረኛው ጦር ከምድር እየተጋፉ መጡ። በኅዳር ወር የቁልቋል በር ምሽግ ተሰበረ፤ ኅዳር 18 ቀን ጄኔራል ናዚ እጁን ሰጠ። ጎንደር ነጻ ወጣች።

ነጻ ስትወጣ ግን ከ1628 ዓ.ል. ጀምሮ ስትገነባ የኖረችው ከተማ ቤተ መንግሥቶች በቦምብ ተጎድተው ነበር። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ ዛሬም ጣሪያ የለውም። ቦምቡን የጣለው ጠላት ሳይሆን ነጻ ሊያወጣን የመጣው ወገን ነበር። ዓላማው ትክክል ነበር፤ ድሉም ያስፈለገ ድል ነበር። ቦምቡ ግን የጣሊያንን መምሪያና የኢያሱን ግንብ መለየት አልቻለም። የፍትሕ ጦርም ቢሆን ከላይ የወረወረው ነገር ወዳጅና ጠላትን አይጠይቅም። ልጆቻችንን ይዘን ፋሲል ግቢን ስንጎበኝ ይህንም ልናሳያቸው ይገባል።

ከብረት በፊት ሚዛን

በቁርኣን ውስጥ በብረት ስም የተሰየመ ምዕራፍ አለ፤ ሱረቱል ሐዲድ። በዚያ ውስጥ አላህ (ሱ.ወ.) በብረት ውስጥ ብርቱ ኃይልም ለሰዎች ጥቅምም እንዳለ ይነግረናል። እንግዲህ ብረት በራሱ የተረገመ አይደለም። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። ከብረት በፊት የተጠቀሱት መጽሐፍና ሚዛን ናቸው፤ ሰዎች በፍትሕ እንዲቆሙ። ብረቱ የመጣው ከሚዛኑ በኋላ ነው። ሚዛን የሌለው እጅ ብረት ሲይዝ ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ ያየነው ይበቃል። በንግድ የኖሩት የጎንደር አዲስ ዓለም አባቶቻችን ሚዛን ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ሚዛን ሲዛባ በመጀመሪያ የሚታወቀው ለተቀባዩ ነው፤ ለሰጪው አይታየውም።

ሌላም ምልክት አለ። ብረት የተገራላቸው ነቢይ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ናቸው። በዚያ በተገራላቸው ብረት እንዲሠሩ የታዘዙት ምን ነበር? ጥሩር፣ ማለትም የሰውን ገላ ከጦር የሚጠብቅ የብረት ልብስ። ከብረት ሥራዎች ሁሉ ተመርጦ የተጠቀሰው የሚከላከለው ነው።

ነቢይ የሠራበትን ይህን ሙያ እኛ እንዴት አየነው? በጎንደር ዙሪያ፣ በወለቃና በአካባቢው መንደሮች ይኖሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል አንጥረኞች ለገበሬው ማረሻውን፣ ማጭዱንና መጥረቢያውን ይሠሩ ነበር። እንጀራችን በነርሱ ብረት ታርሶ የተገኘ ነው። ሕዝቡ ግን «ቀጥቃጭ» አላቸው፤ «ቡዳ» ብሎ ፈራቸው፤ አገለላቸው። ጠብመንጃ ያነገበው ሲያልፍ ደግሞ ከመቀመጫው ተነሳለት፤ ፎከረለት፤ ሸለለለት። ማረሻ የሠራውን ንቀን ምንሽር የተሸከመውን ካከበርን ልጆቻችን ከኛ ምን ሊማሩ ይችላሉ? የታንኩ አፈሙዝ ላይ የተፈናጠጠውን ልጅ ያስተማርነው እኛው ነን። ያጨበጨብንለትም እኛው ነን።

ገበያና ፍላጻ

አቡ ሙሳ አል አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፍላጻ ይዞ በመስጂድ ወይም በገበያ ውስጥ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይወጋ ጫፉን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። ይህን ሐዲስ ብዙዎቻችን እንደ አንድ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ብቻ አንብበን እናልፈዋለን። እስቲ ቆም ብለን እናስበው። ሰውየው ጦረኛ ሊሆን ይችላል። ፍላጻውን የያዘው ለተፈቀደ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ማንንም ሊጎዳ አላሰበም። ሆኖም ገበያ ውስጥ እናቶች፣ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎች አሉና የስለቱ ኃላፊነት የያዡ ነው። «አላየሁም» ማለት አያድነውም።

አሁን ወደ ቅርብ ጊዜ ታሪካችን እንመልከት። በሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ል. በትግራይ ሐውዜን የገበያ ቀን ነበር። የጦር አውሮፕላኖች መጥተው ገበያተኛውን ደበደቡት። የሞተው ሰው ከ1,800 እስከ 2,500 ይገመታል። ሠላሳ ሦስት ዓመት አለፈ። በዚያው ወር በዚያው ቀን፣ ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ል.፣ በዚያው በትግራይ የቶጎጋ ገበያ ከአየር ተመታ፤ ከ50 በላይ ሰው እንደሞተ የጤና ባለሙያዎች ተናገሩ፤ ሠራዊቱ ግን የመታሁት ታጣቂዎችን ነው አለ። በነሐሴ 2015 ዓ.ል. ደግሞ በጎጃም ፍኖተ ሰላም ከአየር በወረደ ጥቃት ከ20 በላይ ሰው ሞተ። መንግሥት ተለወጠ፣ አውሮፕላኑ ተለወጠ፣ ሰማዩ ሥር ያለው ገበያተኛ ግን ያው ነው።

ጎንደርም ከዚህ አልራቀችም። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ል. ሌሊት ከትግራይ የተተኮሰ ሮኬት የጎንደርን አውሮፕላን ማረፊያ መታ። ተኳሾቹ ለአየር ድብደባው አጸፋ ነው አሉ። ማረፊያው የሚጠራው በአፄ ቴዎድሮስ ስም ነው። ኃይለኛ መሣሪያ ለአገራቸው የተመኙት ንጉሥ ስም ያለበትን ቦታ የመታው የራሳችን አገር ሰው የተኮሰው ሮኬት መሆኑን አስቡት።

ልብ በሉ፤ በእነዚህ ታሪኮች ሁሉ እያንዳንዱ ወገን ምክንያት አለው። አንዱ ሽፍታ ነው የመታሁት ይላል፤ ሌላው አጸፋ ነው ይላል። ሐዲሱ ግን የሚጠይቀው ስለ ምክንያቱ አይደለም፤ «በገበያው ውስጥ ስታልፍ ጫፉን ማን ያዘው?» ነው። ኸሊፋው አቡበክር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ለሚዘምተው የጦር መሪ ሴት፣ ሕፃንና አዛውንት እንዳይገደል፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዳይቆረጥ መክረው የላኩት ጠላት ስላልነበረ አይደለም። ጠላት እያለም ጫፉ መያዝ ስላለበት ነው።

የሐርጌሳው አውሮፕላን

«ታዲያ ለምን ተዉት? ሰው እንዲያየው ነው?» ወዳለው ልጅ ልመለስ። መልሱን ያገኘሁት ከጅግጅጋ ወዲያ ማዶ ካለች ከተማ ታሪክ ነው። በሐርጌሳ መሐል ጎዳና ላይ በከፍታ የተሰቀለ አንድ ሚግ 17 የጦር አውሮፕላን አለ። በ1980 ዓ.ል. የሲያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ከዚያችው ከከተማዋ ማረፊያ እየተነሱ ከተማዋን ደበደቡ። ሕዝቡም በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ፈለሰ፤ ሐርተሼክ ላይ ከዓለም ትላልቅ የስደተኛ ሠፈሮች አንዱ ተተከለ። ሰላም ሲሆን የሐርጌሳ ሰዎች የወደቀውን አውሮፕላን አንስተው አደባባይ ላይ አቆሙት። ነገር ግን ብቻውን አላቆሙትም። በቆመበት መሠረት ላይ የሞቱትንና የተሰደዱትን በሥዕል አስቀመጡ።

ውድ አንባቢያን፣ ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሥዕሉን ብናነሳው የሚቀረው አውሮፕላን ብቻ ነው፤ ልጅ አይቶ «እንዴት ያምራል!» ይላል። ሥዕሉ ሲኖር ግን የአውሮፕላኑ ጫፍ ተይዟል። የሚያየው ሰው የሚያስበው ስለ ፍጥነቱ አይደለም፤ ከሥሩ ስለነበሩት ነው። በአደባባይ የቆመ መሣሪያ የመታቸው ሰዎች ታሪክ አብሮት ከሌለ ጫፉ እንዳልተያዘ ፍላጻ ነው። ዝጎም ይወጋል፤ የሚወጋው ግን ልብን ነው። በዚያ ደጋ ላይ ሥዕልም ጽሑፍም አልነበረም። እኒያ በግ ጠባቂ እናት ግን በአንድ ቃል ጫፉን ያዙት።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ይህ ሁሉ በየቤታችን ምን ማለት ነው? ትንሽ ነገር፣ ግን ትልቅ ፍሬ ያለው።

ልጆቻችንን ይዘን ሙዚየምም ሆነ አደባባይ ስንሄድ፣ ከክብደቱና ከርቀቱ በፊት «ይህ ማንን መታ? የመታቸው ሰዎችስ እናት ማን ነበረች?» ብለን እንጠይቃቸው። ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ እንንገራቸው። የኛን ሟች ብቻ የምንቆጥር ከሆነ የምናስተምረው ሐዘን ሳይሆን ቂም ነው።

በዒድ ቀን ለልጆች የምንገዛውን የመጫወቻ ሽጉጥ እናስብበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቀልድም ቢሆን፣ የእናት የአባት ልጅም ቢሆን፣ ወደ ወንድም ብረት መቀሰርን አጥብቀው ከልክለዋል። እኛ ግን በዒድ ማለዳ ወንድም ወንድሙ ላይ ሲቀስር አይተን እንስቃለን። ልጁ ዛሬ የያዘው ላስቲክ ይሁን እንጂ እጁ የሚለምደው ነገር ላስቲክ አይደለም።

በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ጥይትም ሌላው ነው። ወደ ላይ የወጣው ተመልሶ እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። ለደስታ ተብሎ በተተኮሰ ጥይት ሠርግ ወደ ሐዘን እንደሚለወጥ ያገራችን ሰው ጠንቅቆ ያውቃል። በቤቱ መሣሪያ ያለው ሰውም ጥይቱን አውጥቶ፣ ልጅ ከማይደርስበት ቆልፎ ማስቀመጥ አለበት። የተመዘዘ ሰይፍ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይቀባበል የተከለከለው ለዚሁ ጥንቃቄ ነው።

በመጨረሻም በተለይ በሰሜን ጎንደር፣ በወሎና በትግራይ ላላችሁ ወላጆች አንድ አደራ አለኝ። ከ2013 ዓ.ል. በኋላ በነበረው ጦርነት ያልፈነዳ ቦምብና ጥይት በየማሳውና በየጫካው ቀርቷል። ለከብት ጠባቂ ልጅ የሚያብረቀርቅ ብረት መጫወቻ ይመስለዋል፤ ለጎረምሳው ደግሞ የሚሸጥ ቁርጥራጭ። «አትንካ፣ አታንሳ፣ አትወርውር፤ ቦታውን ምልክት አድርገህ ለትልቅ ሰው ንገር» የሚለውን ቃል እንደ ስማቸው ይወቁት። ይህን ማስተማር ራሱ የፍላጻውን ጫፍ መያዝ ነው።

ያ የእህቴ ልጅ ዛሬ አድጎ የልጆች አባት ሆኗል። በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ ትልቁን ልጁን ይዞ በሴባስቶፖል ምስል አጠገብ ሲያልፍ ልጁ «ልውጣበት?» ብሎ ጠየቀው። እርሱም አልተቆጣውም፤ አልጎተተውም። ቁጢጥ ብሎ ከጎኑ ተቀመጠና «መጀመሪያ የጎተቱትን ሰዎች ልንገርህ» አለው። ታሪኩን ሲጨርስ ልጁ መውጣቱን ረስቶት ነበር ብሎ ነገረኝ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሚዛናችንን ከብረታችን ያስቀድምልን። አገራችንን ከሰማይም ከምድርም ከሚመጣ ጥፋት ይጠብቅልን። ስማቸው ሳይታወቅ በየሜዳው ለወደቁት የእናት ልጆች ሁሉ እናቶቻቸውን ያጽናና። አሚን።

ወላሁ አዕለም።